የአባቴን የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ፋይል ከፍቼ አነበብኩት፤ ጥፋቱ በእርግጥ የእሱ ነው?

ትንሿ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ያደግነው ቨርጂኒያ ነው። አባዬ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ እማዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተራ ትሠራ ነበር። በ2005 መጨረሻ ላይ ቤት ገዛን። ያኔ ወሬው ሁሉ ቤት ነበር። ዋጋው በየወሩ ይጨምራል፣ ዛሬ ያልገዛ ነገ አይደርስበትም ይባላል፤ ሰርግም ላይ ለቅሶም ላይ የሚወራው ማን ስንት ገዝቶ ስንት አተረፈ ነው። አባዬ ለዓመታት በእቁብ ያጠራቀማትን 18,000 ዶላር ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) አድርጎ 320,000 ተበደረ። ሁለት ዓመት አንድም ቀን ሳያሳልፍ ከፈለ። ከዚያ የወር ክፍያው ድንገት ዘለለ። በ2008 አጋማሽ ላይ መክፈል አቃተው፤ በጁን 2009 ቤቱን ለቀን ወጣን። የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የወጣን ቀን ጠዋት አባዬ የግቢውን ሣር አጨደ። ሲጨርስ ማጨጃውን አጥቦ መኪናው ላይ ጫነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቱ በተነሳ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ "ማንም እጄን ይዞ አላስፈረመኝም።" ወንድሜ ይሄን ሲሰማ ይናደዳል። ለእሱ ባንኩ ሌባ ነው፣ አባዬ ተበዳይ ነው፣ አለቀ። እኔ በሁለቱ መሃል ነው ያደግኩት።

አሁን ራሴ ቤት ልገዛ ሂደት ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ወረቀት ስፈልግ የዚያን ቤት ፋይል አገኘሁት። አባዬ አልጣለውም። ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ማመልከቻው ላይ የአባዬ ሥራ "የትራንስፖርት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ" ይላል። የወር ገቢ 9,200 ዶላር ይላል። አባዬና እማዬ በዚያ ዓመት ሁለቱም ተደምረው በወር የሚያገኙት 4,100 ገደማ ነበር፤ የታክስ ወረቀቱ እዚያው ፋይል ውስጥ አለ። ማመልከቻው በኮምፒውተር የተሞላ ነው። ከታች ያለው ፊርማ ግን የአባዬ ነው። አውቀዋለሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አባዬ ዋሽቷል ማለት ነው? ሁለተኛው ደግሞ ጭራሽ ያልገባኝ ነው፤ መክፈል ለማይችል ሰው 320 ሺህ ዶላር ማበደር አበዳሪውን ምን ይጠቅመዋል? ገንዘቡን እንደሚያጣው አያውቅም ነበር? እባካችሁ ለማጽናናት ብላችሁ አትመልሱልኝ። የምታውቁትን ንገሩኝ።

ተከራይ_ነኝ፦

እህቴ፣ እውነቱን ንገሩኝ ስላልሽ እነግርሻለሁ። እኔ በዚያን ጊዜ ቤት አልገዛሁም። ገቢያችን ከአባትሽና ከእናትሽ ብዙም አይለይም ነበር። ባለቤቴ ጎረቤት ሁሉ ሲገዛ እያየች ትወቅሰኝ ነበር፣ ጓደኞቼ "ኪራይ የምትከፍለው ለሰው ቤት ነው፣ ሞኝ ነህ" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር አደረግኩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የወር ገቢያችንን ጻፍኩ፣ ክፍያውን ጻፍኩ፣ ቀነስኩ። የሚተርፈው ለአስቤዛ አይበቃም። ተውኩት።

ሁሉም ባንኩ ነው ባንኩ ነው ሲል የሚያበሳጨኝ ለዚህ ነው። ውሉ በማይገባን እንግሊዝኛ ነው የተጻፈው ይባላል፤ እሺ፣ ነው። ግን የገዛ ደመወዝን ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። 4,100 የሚያገኝ ሰው 9,200 የሚል ወረቀት ላይ ሲፈርም አንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነ ያውቃል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ኪራይ ቤት ነበራችሁ፣ ሜዳ ላይ አልነበራችሁም። ከዚያ ሁሉ ነገር ሲፈርስ ዋጋውን ያልተበደርነውም ከፈልነው። እኔ በ2009 ከሥራ ተቀንሻለሁ፤ አንድም ሞርጌጅ ፈርሜ አላውቅም።

በዚያ ላይ መንግሥት ራሱ ባንኮቹን ለድሃ አበድሩ ብሎ ያስገድድ እንደነበር አትርሱ።

አባትሽን ግን አከብራቸዋለሁ። ከስንቱ መሃል "እኔ ነኝ የፈረምኩት" የሚል ሰው ሳይ እሳቸው የመጀመሪያዬ ናቸው።

የድሮ_ሎን_ኦፊሰር፦

ይሄን ጥያቄ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ስሜን አልጽፍም። ከ2003 እስከ 2007 የሞርጌጅ ብሮከር (የብድር ደላላ) ቢሮ ውስጥ ሠርቻለሁ። ደንበኞቼ ብዙዎቹ ያገሬ ሰዎች ነበሩ፤ ቋንቋውን ስለምችል ነው የሚመጡት፣ ስለሚያምኑኝ ነው የሚመጡት። የምነግርሽ የሰማሁትን ሳይሆን በእጄ የሠራሁትን ነው።

መጀመሪያ ሁለተኛውን ጥያቄሽን ልመልስ፣ እሱ ካልገባሽ የመጀመሪያው አይገባሽም።

ለአባትሽ ያበደረው ድርጅት ገንዘቡን 30 ዓመት ሊጠብቅ አላበደረም። ብድሩን በሳምንታት ውስጥ ለዎል ስትሪት፣ ማለትም ለኒውዮርክ ትልልቅ የኢንቨስትመንት ባንኮች፣ ይሸጠዋል። ዎል ስትሪት በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ብድሮችን አንድ ላይ ይጠቀልልና ቦንድ አድርጎ ለጡረታ ፈንድ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለውጭ አገር ባንክ ይሸጣል። ለቦንድ ደረጃ የሚሰጡት እነ ሙዲስና ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ ደግሞ የጥቅሉን አብዛኛውን ክፍል "ትሪፕል ኤ"፣ ማለትም ከሁሉ አስተማማኝ፣ ብለው ያትሙበታል፤ የሚከፍላቸውም ቦንዱን የሚሸጠው ራሱ ነው። እኛ ከብድሩ ላይ ኮሚሽናችንን ወስደናል፣ አበዳሪው ሸጦ አትርፏል፣ ጠቅላዩም አትርፏል። አባትሽ በሦስተኛው ዓመት ይክፈሉ አይክፈሉ የማንኛችንም ጉዳይ አልነበረም። ባንኩ አያውቅም ነበር ወይ ላልሽው፣ ማወቅ የሚገባው ሰው ለማወቅ ደሞዝ አይከፈለውም ነበር። የሚከፈለው ለብዛት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ደንበኛው ሊያገኝ ከሚችለው ወለድ ከፍ ባለ ወለድ ካስፈረምኩት አበዳሪው ለእኛ ተጨማሪ ይከፍለናል። ከ320 ሺህ ላይ 2 በመቶ ቢሆን 6,400 ዶላር ነው። ደንበኛው አጠገቤ ቁጭ ብሎ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ይለኛል፣ እኔ ብድሩ በተወደደበት ቁጥር የበለጠ አገኛለሁ። ይሄ ክፍያ በሕግ የተከለከለው በ2011 ነው።

አሁን ብድሩ። ፋይሉ ውስጥ የወለዱን ገጽ አይተሽዋል? ሁለት ዓመት ቋሚ፣ ከዚያ 28 ዓመት የሚቀያየር ከሆነ "ቱ ትዌንቲኤት" የምንለው ነው። በደንብ እናውቀዋለን፣ እንደ ዳቦ ነው የሸጥነው። ለምሳሌ 320 ሺህ በ6.9 በመቶ የጀመረ ብድር በወር 2,107 ይመጣል። ሁለት ዓመት ሲሞላው ወለዱ 9.9 ከገባ ወደ 2,757 ይዘላል። በአንድ ጊዜ 650 ዶላር። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ የቤት ታክሱና ኢንሹራንሱ ለደንበኛው የምንነግረው ቁጥር ውስጥ አይገባም ነበር። ለብቻው ይመጣል።

"ሁለት ዓመት ሲሞላስ?" ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ነበር፤ ብልህ የሆነው ይጠይቃል። መልሳችን ዝግጁ ነው፦ "ያኔ ሪፋይናንስ እናደርግሎታለን (አሮጌውን ብድር በአዲስ እንተካለን ማለት ነው)፣ ቤቱ ዋጋ ጨምሮ ይጠብቆታል።" ይሄን ስል አልዋሸሁም፣ ራሴም አምኜበት ነበር። በ2003 እና በ2004 የተበደሩት በእርግጥ እንደዚያ አድርገዋል። ግን አስቢው፣ ብድሩ የሚሠራው የቤት ዋጋ ዘላለም ከጨመረ ብቻ ነው። በ2006 አጋማሽ ዋጋው ቆመ፣ ከዚያ መውረድ ጀመረ። ከቤቱ ዋጋ በላይ ዕዳ ላለበት ሰው ማን ሪፋይናንስ ያደርጋል? ደግሞም በኤፕሪል 2007 ከትልልቆቹ የሰብፕራይም (ክሬዲቱ ደካማ ለሆነ ሰው በከፍተኛ ወለድ የሚሰጥ ብድር) አበዳሪዎች አንዱ የሆነው ኒው ሴንቸሪ ኪሣራ አወጀ። ሌሎቹም ተከታትለው ወደቁ። ስልክ የምደውልላቸው አበዳሪዎች አንድ በአንድ ጠፉ። ቃል የገባሁላቸው ሰዎች ግን ስልክ ቁጥሬን ይዘዋል።

አሁን 9,200። እህቴ፣ ይሄን መጻፍ ይከብደኛል። "የተገለጸ ገቢ" የሚባል የብድር ዓይነት ነበር። የተፈጠረው ደረሰኝ ለሌለው ነጋዴ ነው፤ በኋላ ለሁሉም ሆነ። ደንበኛው ገቢዬ ይሄ ነው ይላል፣ ማስረጃ አይጠየቅም። አሠራራችን እንዲህ ነበር። መጀመሪያ የቤቱ ዋጋ አለ። ከእሱ የወር ክፍያው ይታወቃል። ክፍያው ከገቢው ስንት እጅ መብለጥ እንደሌለበት የአበዳሪው መመሪያ ይናገራል። ስለዚህ ገቢው ስንት መሆን እንዳለበት ወደ ኋላ አስልተን እንጽፈዋለን። ሰውየው ስንት እንደሚያገኝ ሳይሆን ቤቱ ስንት እንደሚፈልግ ነው የምንጽፈው። የታክሲ ሹፌር 9,200 አያገኝም ብሎ ሲስተሙ እንዳይጥለው ደግሞ የሥራውን ስም እንቀይራለን። "ሥራ አስኪያጅ" የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አሁን ገብቶሽ ይሆናል። እኔም ጽፌዋለሁ። ለአባትሽ አይደለም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ፈልጊልኝ። ፋይሉ ውስጥ 4506-ቲ የሚል ቁጥር ያለው ቅጽ ካለ ተመልከቺ። አበዳሪው የደንበኛውን የታክስ መዝገብ በቀጥታ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ እንዲያስመጣ የሚፈቅድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እናስፈርመው ነበር። መላክ ግን አንልከውም።

ተከራይ_ነኝ፦

ወንድሜ፣ በግልጽ መናገርህን አደንቃለሁ። ግን የኔን ነጥብ አልነካኸውም። አንተ ቁጥሩን ጻፍክ፣ እሳቸው ግን ፈረሙ። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።

የድሮ_ሎን_ኦፊሰር፦

ልክ ነህ፣ አልክድም። ግን ክሎዚንግ ላይ፣ የመጨረሻው የፊርማ ቀን ላይ፣ ተቀምጠህ ታውቃለህ? ወደ መቶ ገጽ የሚጠጋ ወረቀት ነው። "እዚህ ፈርም፣ እዚህ ደግሞ የስምህን ምሕፃር" እየተባለ ለአርባ ደቂቃ ይገለበጣል። ከቤቱ ባለቤት ጋር ውል ታስሯል፣ ቀብድ ተከፍሏል፣ የኪራይ ቤቱ ተለቋል፣ ልጆቹ አዲስ ትምህርት ቤት ተመዝግበዋል። ሰውየው የሚተማመንበት ያገሩ ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ "ይሄ የተለመደ ወረቀት ነው" ይለዋል። ያገሩ ልጅ እኔ ነኝ። እኔ በሳምንት ሦስት ጊዜ የማየውን ወረቀት እሱ በዕድሜው አንዴ ነው የሚያየው። እኩል ነን ልትለኝ አትችልም።

ቬጋስ_07፦

ተበዳሪ ጥፋተኛ ነው ከተባለ እኔን አምጡኝ፣ የዚችን ልጅ አባት ተዉአቸው።

ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው። በ2005 የምኖርበት ቤት ነበረኝ። ቤቱ ዋጋ ስለጨመረ በእሱ ላይ ተበድሬ ሁለተኛ ገዛሁ፣ በሁለተኛው ላይ ሦስተኛ። ማመልከቻዎቹ ላይ "የምኖርበት ቤት ነው" ብዬ ሞላሁ፤ ለሚኖርበት ሰው ወለዱ ይቀንሳል፣ ዳውን ፔይመንቱም ያንሳል። ማንም አልሞላልኝም፣ ራሴ ነኝ የሞላሁት። ሰው በሦስት ቤት አይኖርም፤ አበዳሪዎቹም ይሄን ማወቅ ይችሉ ነበር፣ አልፈለጉም። ላም አለኝ በሰማይ ነበር ነገሩ። በወረቀት ላይ ሀብታም ነኝ፣ ባንክ ውስጥ ግን ሁለት ወር የሚያቆየኝ ገንዘብ የለም።

ዋጋው እዚህ ከተማ ከግማሽ በላይ ወረደ። በ2008 ሁለቱን ቤቶች መክፈል አቆምኩ። ኪራዩን ግን እቀበል ነበር። ለሰባት ወር የተከራዮቹን ገንዘብ ኪሴ እየከተትኩ ለባንክ አልከፈልኩም። አንደኛው ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች ያሏት ሴት ነበረች፤ ቤቱ መሸጡን ያወቀችው በሩ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። በየወሩ አንደኛ ቀን ላይ ኪራይዋን እየከፈለች ማለት ነው። ተከራይ ቢያንስ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጠው የሚለው የፌደራል ሕግ የወጣው በሜይ 2009 ነው። ለእሷ አልደረሰላትም።

ተከራይ_ነኝ፣ ቁጣህ ትክክል ነው። ግን ስታነጣጥር ለይ። መኖሪያ የፈለገና በትርፍ ያበደ ሰው አንድ ወረቀት ላይ ስለፈረሙ አንድ አይደሉም። እኔ ገደሉን አይቼዋለሁ፣ ሳሩን መርጬ ነው።

ሒሳብ_ሠሪ፦

ስለ መንግሥት የተባለችውን ነገር ላስተካክላት፣ ብዙ ቦታ ስለምትደጋገም። ተከራይ_ነኝ ያልከው የ1977ቱ የማኅበረሰብ ብድር ሕግ መሰለኝ፤ ባንኮች ቅርንጫፍ ከፍተው ገንዘብ በሚሰበስቡበት ሰፈር ያበድሩ ይላል። የ2008ቱን የገንዘብ ቀውስ መንስኤ ያጣራው የመንግሥት ኮሚሽን በ2011 ባወጣው ሪፖርት ከከፍተኛ ወለድ ብድሮች ውስጥ ከዚህ ሕግ ጋር ግንኙነት ያላቸው 6 በመቶ ብቻ ናቸው ብሏል። ብዙዎቹ የሰብፕራይም አበዳሪዎች ባንክ ስላልሆኑ ሕጉ አይነካቸውም። ማንም አላስገደዳቸውም። ሕጉ ከወጣ ሃያ ምናምን ዓመት ቆይቶ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው።

መንግሥት ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም። ጥፋቱ ሌላ ነው፤ አስገድዶ ሳይሆን ዝም ብሎ ነው ያጠፋው። ኮንግረስ በ1994 ባወጣው ሕግ ለፌደራል ሪዘርቭ (ለአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) በማንኛውም የሞርጌጅ አበዳሪ ላይ ደንብ የማውጣት ሥልጣን ሰጥቶታል። ኤድዋርድ ግራምሊክ የሚባል የራሱ የቦርድ አባል በ2000 አካባቢ የፌደራል ሪዘርቭ ሊቀመንበር ለነበረው ለአለን ግሪንስፓን አስጠንቅቋል። አልተሰማም። ኤፍቢአይ በ2004 የሞርጌጅ ማጭበርበር እየተስፋፋ ነው ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። አበዳሪ የተበዳሪውን ገቢ ያጣራ የሚለውን ደንብ ፌደራል ሪዘርቭ ያወጣው በጁላይ 2008 ነው። ትንሿ፣ ያኔ አባትሽ መክፈል አቅቷቸው ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የጆርጂያ ታሪክ ነው። ጆርጂያ በ2002 ጠንካራ ሕግ አወጣች፤ መጥፎ ብድር የሰጠው ብቻ ሳይሆን የገዛውም ይጠየቅ የሚል። ዋናውን ብልት ነው የያዘችው፣ ምክንያቱም ሽያጩ ከተያዘ ሁሉም ተያዘ። በጃንዋሪ 2003 ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ የጆርጂያ ብድር ያለበትን ጥቅል ደረጃ አልሰጥም አለ። ደረጃ ከሌለው አይሸጥም፣ ካልተሸጠ አይበደርም። በሁለት ወር ውስጥ ምክር ቤቱ ሕጉን አላላው። በ2004 መጀመሪያ ደግሞ የፌደራሉ ባንክ ተቆጣጣሪ፣ የክፍለ ግዛት ሕጎች በሱ ሥር ያሉትን ባንኮች አይመለከቱም ብሎ ወሰነ። ለማስቆም የሞከረ ነበር ለማለት ነው። አስቆሙት።

አንድ ነገር ደግሞ ለወንድምሽ ንገሪው። በዲሴምበር 2011 ትልቅ የቤት ብድር ሰጪ የነበረው ካንትሪዋይድ ከ200 ሺህ በላይ ጥቁርና ሂስፓኒክ ተበዳሪዎችን ተመሳሳይ ክሬዲት ካላቸው ነጮች በላይ አስከፍሏል ተብሎ 335 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ስምምነት ተደርጓል። ከ10 ሺህ በላይ የሚሆኑት መደበኛ ብድር ማግኘት ሲገባቸው ወደ ሰብፕራይም ተገፍተዋል የሚል ክስ ነው። አባትሽ ምናልባት 320 ሺህ መበደር አልነበረባቸውም። ግን ትንሽ ቤት በትክክለኛ ወለድ ቢሰጣቸው ኖሮ ዛሬም እዚያው ቤት ይኖሩ ይሆናል። ይሄኛውን ምርጫ ማንም ጠረጴዛ ላይ አላስቀመጠላቸውም።

ተከራይ_ነኝ፦

የጆርጂያውን አላውቅም ነበር። የመንግሥቱን ነገር እሺ፣ ተቀበልኩ። የፊርማውን ግን አልቀይርም፤ ሰው ራሱ የፈረመበትን ካልተጠየቀበት ነገ ማን ያበድረዋል? ተበዳሪ ኃላፊነት የለበትም ካልን ልካችንን አውቀን ለኖርነው ለእኛ ነው የሚብሰው።

ሒሳብ_ሠሪ፦

ማንም የለበትም አላለም። አባትሽ ተጠይቀዋል እኮ። 18 ሺህ ዶላራቸውን አጥተዋል፣ የሁለት ዓመት ክፍያ ሄዷል፤ በዚያ ብድር የመጀመሪያ ወር ከ2,107ቱ ወደ ዋናው የሚገባው 267 ዶላር ብቻ ነው፣ የቀረው ወለድ ነው። ክሬዲታቸው ለሰባት ዓመት ተበላሽቷል። የፈረሙበትን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፍለዋል። እኔ የምጠይቀው 9,200 ብሎ የጻፈው፣ ሳያጣራ ያለፈው፣ ትሪፕል ኤ ብሎ ያተመው ምን ከፈለ ነው። ኮሚሽኑን አስመልሳችሁ የሚል ደብዳቤ የደረሰው ብሮከር አላየሁም።

የድሮ_ሎን_ኦፊሰር፦

እኔም አልደረሰኝም። በ2006 ብቻ ያገኘሁትን አባትሽ በታክሲ በሦስት ዓመት አያገኙትም። ማንም አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬ።

ትንሿ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ ቬጋስ_07 እና የድሮ_ሎን_ኦፊሰር፣ ይሄን መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል።

ቅጹን አገኘሁት። 4506-ቲ፣ አባዬ ፈርሞበታል። እዚያው ፋይል ውስጥ ከታክስ ወረቀቱ ሦስት ገጽ አለፍ ብሎ። ብድሩም እንዳልከው ነው፣ ሁለት ዓመት ቋሚ። ከሁለት ዓመት በፊት ሪፋይናንስ ካደረገ ቅጣት እንዳለበትም ይላል። ስለዚህ መውጣት በሚችልበት ጊዜ መውጫው ተቆልፏል፣ ሲከፈትለት ደግሞ ዋጋው ወድቋል።

እሁድ ዕለት ፋይሉን ይዤ አባዬ ጋ ሄድኩ። እንዳይከፋው ፈርቼ ነበር። መነጽሩን አድርጎ ማመልከቻውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ "ይሄን ቁጥር ያኔም አይቼዋለሁ። ይሄ የኔ ገቢ አይደለም አልኩት። 'ሲስተሙ የሚፈልገው ቁጥር ነው፣ አንተ አትጨነቅ' አለኝ። እናትሽ ጎኔ ነበረች። ከሁሉ በላይ እሷ ፊት ቤቱን እንዳጣው አልፈለግኩም። ዝም አልኩ።" ይሄን ከዚህ በፊት ነግሮን አያውቅም። ወንድሜም ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከረም።

ስለዚህ ተከራይ_ነኝ፣ አባዬ ቁጥሩን አይቶታል። ትክክል ነህ። ግን "ይሄ የኔ አይደለም" ብሎም ተናግሯል፣ እሱም ፋይሉ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባ ነበር። ከዚያ ስለ ቅጹ ነገርኩት። ይሄን አንድ ወረቀት ቢልኩት ኖሮ እውነተኛ ገቢህን ያዩት ነበር አልኩት። ወረቀቱን አገላብጦ አየውና "እኔ እኮ ይሄን ስፈርም የሚያጣሩ መስሎኝ ነበር" አለ። "ካጣሩና ከሰጡኝ ይቻላል ማለት ነው ብዬ ነው።"

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለየድሮ_ሎን_ኦፊሰር። እኔ የያዝኩት የ30 ዓመት ቋሚ ወለድ ነው፣ ደመወዜንም ታክሴንም አጣርተዋል። የብድር ግምት የሚባለው ባለ ሦስት ገጽ ወረቀት መጥቶልኛል። መጀመሪያ ምን ልይ?

የድሮ_ሎን_ኦፊሰር፦

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የብድሩ ሁኔታ የሚል ሰንጠረዥ አለ። የወለዱ መጠን ከክሎዚንግ በኋላ ሊጨምር ይችላል ወይ፣ ወር ክፍያው ሊጨምር ይችላል ወይ፣ ቶሎ ብትከፍዪ ቅጣት አለው ወይ ይላል። ሦስቱም "አይ" መሆን አለባቸው። ከዚያ ዝቅ ብሎ የወር ክፍያው ውስጥ ታክስና ኢንሹራንስ መግባታቸውን እዪ። ከ2014 ጀምሮ አበዳሪ የመክፈል አቅምሽን የማጣራት ግዴታ አለበት፣ ቢሆንም የነሱን ስሌት ተዪው፤ ተከራይ_ነኝ እንዳደረገው ራስሽ በወረቀት ቀንሺው።

ትንሿ፦

ወረቀቱ አባዬ ጋ ነው ያለው። መጀመሪያ እኔ ላንብበው ብሎ ወስዶታል። ማታ ደውሎልኝ ነበር። ቅጣት የሚለውን መስመር ራሱ አግኝቶት "አይ ይላል" አለኝ። አሁን ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።